የምዕራብ ሸዋ መሬትና ማዳበሪያው



በአምቦ፥ በጉደር ወይም በጊንጪ ገጠር ዘመድ ያላችሁ የመንግሥት ሠራተኞች፥ ክረምት ሲቃረብ «የማዳበሪያ ገንዘብ ላክልን» የሚል መልእክት ሳይደርሳችሁ አይቀርም። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲነሣ የዚህ ዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደ ናረ ታስታውሳላችሁ።

ዩሪያ የሚሠራው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ መሬት ላይ ከተበተነ በኋላም ጥቂቱ አየሩን የሚያሞቅ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ከዚህም በላይ ዝናብ የሚበዛበትን የምዕራብ ሸዋን ቀይ አፈር ኮምጣጣነት ያባብሳል፤ አፈሩ ከኮመጠጠ ደግሞ ገበሬው ገንዘብ የከፈለበትን ፎስፈረስ አፈሩ ይዞ ያስቀረዋል እንጂ ሰብሉ አያገኘውም። ይህን የሚያርመው ኖራ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የከብት ፍግ፥ ብስባሽና ከጤፍ ጋር እየተፈራረቀ የሚዘራ ባቄላ መሬቱን ያድሱታል። ነገር ግን ፍጉ ኩበት ሆኖ በየምድጃው ይነዳል፤ ከገዢዎቹም መካከል እኛ የከተማ ሰዎች አለንበት!

ሆኖም ማዳበሪያው በአንድ ቀን ይጣል አልልም። ስሪ ላንካ በ2013 ዓ.ም. ብትከለክለው የሩዝ ምርቷ አሽቆለቆለና ክልከላውን በወራት ውስጥ አነሣችው። እንግዲህ ገንዘቡን ስትልኩ ከፊሉ ለኖራ እንዲውል፥ አንድ ጥማድ መሬትም በፍግና በባቄላ እንዲሞከር ለአባቶቻችሁ ጻፉላቸው።