ከቁጠባው በፊት አምስት ደቂቃ
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከሳምንታዊ ቁጠባችን በፊት አምስት ደቂቃ ዝም ብለን መቀመጥ ከጀመርን ወዲህ «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ስትሉን ቆይታችኋል። ዛሬ እንመልስላችሁ።

በርጩማ ላይ ጀርባችንን ቀና አድርገን እንቀመጣለን፤ አንድ እጃችንን ሆዳችን ላይ እናሳርፋለን። አየር በአፍንጫችን ስናስገባ ሆዳችን እጃችንን ገፋ ያደርገዋል። ከዚያ ካስገባንበት ጊዜ ረዘም አድርገን፣ ቀስ ብለን እናስወጣለን። ሐሳባችን ወደ ቤት ኪራይ፣ ወደ ጤፍ ዋጋ ይሄዳል። መሄዱ አይቀርም። ሄደ ብለን ወደ ትንፋሻችን እንመልሰዋለን፤ ልምምዱ መመለሱ ነው። አእምሮዋን ባዶ ማድረግ የምትችል ካለች ትምጣና ታስተምረን!

ስንደነግጥ ወይም ስንናደድ ልባችን ይመታል፣ ትንፋሻችን ያጥራል፣ ትከሻችን ይጨመደዳል። ልብን «ቀስ በል» ብንለው አይሰማንም። ትንፋሽ ግን በራሱም ይሠራል፣ ለእኛም ይታዘዛል። አየር ስናስወጣ የልብ ምት በትንሹ ዝግ ይላል፤ ይህም ከአንጎል ወደ ልብና ወደ ሆድ በሚወርደው ቬገስ በተባለው ነርቭ በኩል የሚሆን ነው። ያረፈ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል፤ እኛ ለጥቂት ደቂቃ ወደ 6 ለማውረድ እንሞክራለን። ራሷን የሚያዞራት ግን ቁጥሩን ትታ እንደ ልማዷ ትተንፍስ።

«የሌላ ሃይማኖት አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ከመካከላችን ተነስቷል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ትንፋሽን መከታተል በቡድሃ እምነት ረጅም ታሪክ እንዳለው አንደብቅም። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት ዚን በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ከሃይማኖት ለይቶ ለሕሙማን ማስተማር ጀመረ። እኛም የያዝነው በዚያ መንገድ ነው። ጸሎቱም ሶላቱም በቦታው አለ።

ለእኛ የጠቀመን በተለይ ብድር በምንነጋገርበት ቀን ነው። መክፈያዋ ያለፈባት እህት ገና ስትገባ ድምፅ ከፍ ማለት ይጀምር ነበር። አሁን መጀመሪያ አብረን እንተነፍሳለን፤ ከዚያ ምን እንደገጠማት እንጠይቃለን። ብድሩ አይሰረዝም፤ ንግግሩ ግን ሳይሰዳደቡ ያልቃል።

ከአረብ አገር ከተመለሱ እህቶቻችን መካከል ዓይን መጨፈን የሚያስጨንቃቸው አሉ። እነሱ ዓይናቸውን ገልጠው ጀበናውን ወይም መሬቱን ያያሉ፤ መውጣት ያሻትም ትወጣለች። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣችን ወይም ራሷን ለመጉዳት የምታስብን እህት ደግሞ «ተንፍሺ» ብለን አንሸኛትም፤ ጤና ጣቢያ አብረናት እንሄዳለን። ቤቷ የምትደበደብም መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ከዱላው መዳን ነው።

ለጋሾቻችን፣ ይህ ልምምድ ወጪ የለውም። ወጪ የለውም ተብሎ ግን ለተዘዋዋሪ ብድሩ ወይም ለአማካሪዋ ደመወዝ የምትሰጡት ድጋፍ እንዳይቀነስ አደራ እንላለን።

መሞከር የምትፈልጉ በሚቀጥለው ሳምንት ከቁጠባው አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ኑ። ጋቢ ያዙ፤ አዳራሹ ይበርዳል።