ወርቁ ከወጣ በኋላ ምን ይቀራል?



ከጥቂት ጊዜ በፊት ከክፍል ጓደኞቼ አንዱ፣ «ቅኔ የጥንት ሰዎች እንቆቅልሽ ነው፤ ከተፈታ በኋላ ምን ይቀራል?» ሲል ጠየቀኝ። ያን ቀን መልስ አጥቼ ዝም አልሁ። ዛሬ የዘገየውን መልሴን ይዤ ቀርቤአለሁ።

ወርቅ አንጥረኛ አስቀድሞ ጌጡን በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ሥፍራም ወርቁ ይፈስበታል። በጎንጅ፣ በዋሸራና በዋድላ የቅኔ ቤቶች የሚሰጠው የሰምና ወርቅ ትምህርት ስሙን ያገኘው ከዚህ ሥራ ነው። ለምሳሌ ያህል እኔው የሞከርኋትን በአማርኛ እነሆ፤

ከደጅህ መጣሁኝ ሌሊት ተነሥቼ፣
ሳልማር አልመለስም እናት አባት ትቼ።

ሰሙ፣ ተማሪ ከየኔታ ደጅ ቆሞ ትምህርት ሲለምን ነው። ወርቁ፣ ኃጢአተኛ ከአምላኩ ምሕረት ሲለምን ነው። ሁለቱን ያገናኘች ኅብረ ቃል «ሳልማር» ናት። እንቆቅልሹ ተፈታ። ታዲያ ምን ቀረ?

ከ1100 ዓመታት ያህል በፊት በካሽሚር የኖረው የሳንስክሪት ሊቅ አናንዳቫርዳና «ድቫንያሎካ» የተባለ መጽሐፍ ጻፈ። «ድቫኒ» ማለት ድምፅ ነው፤ ደወል ከተመታ በኋላ በጆሮ እንደሚቆየው ያለ ትርጉም ማለቱ ነው። የዚህ ትምህርት ሊቃውንት «መንደሩ ጋንጅስ ወንዝ ላይ ነው» የሚል ምሳሌ ያቀርባሉ። እኛም የቡራዩ ልጆች «ቤታችን ገፈርሳ ውሃው ላይ ነው» ብንል፣ ቤት በውሃ ላይ አይቆምምና ሰሚው ዳሩን ማለታችን እንደ ሆነ ያውቃል። ነገር ግን የውሃው ቅዝቃዜም ይሰማዋል። ቅዝቃዜ የሚል ቃል ግን ከአፋችን አልወጣም።

እንደ ሊቁ አስተሳሰብ፣ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም በግልጽ ስለ ያዘ ብቻ ድቫኒ አይሆንም። ከሁሉ የሚበልጠው በስሙ ሳይጠራ ልብን የሚነካው ስሜት ነው።

እንግዲህ ወደ ግጥሟ እንመለስ። «ናፍቆት» የሚል ቃል በውስጧ የለም። ነገር ግን ከመካከላችን ከወላጆቹ ርቆ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማር «እናት አባት ትቼ» የሚለውን ሲሰማ ሌላ ፈቺ አያስፈልገውም።

ጓደኛዬ ሆይ፣ የቀረው ይህ ነው። የአያቶቻችንን ቃል ስንሰማ ወርቁን አገኘን ብለን ፈጥነን አንነሣ፤ ደወሉ ዝም እስኪል ጥቂት እንቆይ።