እማዬን ይዤ ቆጵሮስ ሄድኩ

ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከኪርያት ጋት፣ ከእማዬ ቤት ነው የምቀዳው፤ ከኋላ የሰሃን ድምፅ ከሰማችሁ እሷ ናት።

ባለፈው ስለ ጉዞ ስናወራ «እኔ እኮ እማዬን ይዤ በትንሽ ቡድን ቆጵሮስ ሄጄ መጣሁ» ብዬ ጣል አድርጌ አለፍኩ። ከዚያ መልእክቱ ጎረፈ። ግማሻችሁ «ምን ይመስላል? ያዋጣል ወይ?» ብላችኋል። ግማሻችሁ ደግሞ «እናትሽ እንዴት እሺ አለች?» ነው ያላችሁት። ሁለቱንም እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ በሴደር?

መጀመሪያ እሺ አላለችም። አንድ ዓመት ሙሉ በፈረቃ ሠርቼ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ አውጥቼ ለሁለት ሰው ልከፍል መሆኑን ስነግራት ምን አለችኝ መሰላችሁ? «እኔ በእግሬ ሱዳን ገብቻለሁ። አሁን ደግሞ ገንዘብ ከፍዬ ልንከራተት?»

እውነቷን ነው። በእኛ ቤት ጉዞ ማለት ሽርሽር አይደለም። ጉዞ አንዴ ነው የተሄደው፣ እሱም ወደ ይሩሳሌም ነው። ቱሪስት የሚለው ቃል ራሱ በእኛ ታሪክ ውስጥ ሌላ ቦታ አለው። ታውቃላችሁ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሞሳድ በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ አሩስ በሚባል ቦታ የመዝናኛ መንደር ከፍቶ ነበር። እንግዶቹ እውነተኛ ቱሪስቶች ናቸው፤ ቀን ቀን ባሕር ውስጥ ይጠልቃሉ። ሌሊት ሠራተኞቹ ቤተ እስራኤሎችን ከስደተኛ ካምፖች ወደ ባሕሩ ያጓጉዙ ነበር። ስለዚህ ለወላጆቻችን ዘመን ቱሪስትነት ሽፋን ነበር። እኛ ግን ፓስፖርታችንን ይዘን ከቤን ጉሪዮን ተነስተን በአንድ ሰዓት ገደማ ላርናካ እንወርዳለን።

በመጨረሻ እሺ ያሰኛት ምን ይሁን? ጉዞው ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው፣ ሰንበትን አይነካም። ቡድኑ አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ነው። መሪው፣ ማድሪኩ ማለቴ ነው፣ ዕብራይስጥ ይናገራል። እና ደግሞ እኔ «ብቻዬን ልሂድ እንግዲህ» አልኩ። ይሄኛው ነው የሠራው!

ዝግጅቱ በእሷ በኩል ምግብ ነበር። ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ በርበሬ። ቆጵሮስ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስለሆነች ከውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ማስገባት አይፈቀድም፤ ስለዚህ ቋንጣውን ከሻንጣ አስወጣሁ። ተኮራርፈን አውሮፕላን ገባን። (ላርናካ ውስጥ ቤት ሐባድ አለ፣ ኮሸር ለምትፈልጉ። እማዬ ግን በራሷ ስንቅ ነው የዘለቀችው።)

እሺ፣ የመጀመሪያው ቀን። ይሄን ልዝለለው ብዬ ነበር፣ ግን ለእናንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ሆቴሉ መግቢያ ላይ ስንሰባሰብ በቡድኑ ውስጥ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። አንዲት ሴትዮ ወደ እማዬ ጠጋ ብላ በደግ ፊት «ለእሳቸው መታፔሌት ነሽ?» አለቻት። እኔ ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል እማዬ ክንዴን ያዘችኝና «አይ፣ እኔም እንዳንቺ ከፍዬ ነው» አለቻት፣ በዚያ በኡልፓን ዕብራይስጧ።

ማታ ክፍላችን ውስጥ እኔ እየተብሰለሰልኩ ነው። እሷ «ሽማግሌ መጦር ነውር አይደለም፣ ብሠራውም አላፍርም። የከፋኝ ሳትጠይቅ ማወቋ ነው» ብላ ተኛች።

ትንሽ ቡድን ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። ሃምሳ ሰው በሚጭን አውቶቡስ ቢሆን ከዚያች ሴትዮ ርቀሽ ተቀምጠሽ ትጨርሺዋለሽ። አሥራ ሁለት ሰው ባለበት ሚኒባስ ግን መሸሸጊያ የለም። ቁርስ ላይ ታገኛታለሽ፣ ከፊትሽ ትቀመጣለች፣ ፎቶ አንሺኝ ትልሻለች። በሦስተኛው ቀን ራሷ መጥታ ይቅርታ ጠየቀች። በአራተኛው ቀን ለእማዬ ወንበር ትይዝላት ነበር። ሁልጊዜ እንዲህ ያልቃል አልላችሁም፤ ለእኛ ግን እንዲህ ሆነ።

በሁለተኛው ቀን ኮርኖስ የምትባል መንደር ሄድን። ከቀይ አፈር ሸክላ በመሥራት የታወቀች ናት፤ ሥራውም ከጥንት የሴቶች ነው። አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ጀበና የሚመስል እንስራ ይሠራሉ። እማዬ ዝም ብላ ስታይ ቆየችና ጎንበስ ብላ ከጭቃው ቆንጥራ በጣቷ አሸችው። «አሸዋ በዝቶበታል» አለችኝ በአማርኛ።

እማዬ ሸክላ መሥራት እንደምትችል አላውቅም ነበር! አያቴ ጎንደር ወለቃ አካባቢ ሸክላ ሠሪ እንደነበረች ነው የማውቀው። ማድሪኩ ምን እንዳለች ጠየቀኝ፣ ተረጎምኩለት፣ እሱ ደግሞ ለሴትዮዋ በግሪክኛ ነገራቸው። ሴትዮዋ ሳቁና ቦታ ለቀቁላት። እማዬ እጅጌዋን ሰብስባ ተቀመጠች። የሠራችው ትንሽ ገል ነገር ነው፣ ጠርዙ ተጣሟል፣ ግን እጇ አልረሳም።

ሚኒባስ ውስጥ ስንመለስ ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት። «ምን ብዬ ልንገርሽ? እዚያ ሸክላ የሠራ ቡዳ ነው ይባል ነበር። ይሄን እዚህ ድረስ ተሸክሜ ልምጣ?» አለች። ቤተ እስራኤል በዚያ ዘመን ርስት አልነበረውም፤ ወንዱ በብረት፣ ሴቷ በሸክላ ነበር የምታድረው። ገበያው ዕቃችንን ይገዛል፣ እጃችንን ግን ይፈራል። ኮርኖስ ውስጥ ደግሞ ለዚያው ሥራ ሰው ከፍሎ ሊያይ ይመጣል።

በሦስተኛው ቀን በምሥራቅ በኩል፣ በዴኬሊያ አቅጣጫ ተጓዝን። እዚያ የእንግሊዝ ጦር ሰፈር አለ፤ ቆጵሮስ በ1960 ነፃ ስትወጣ እንግሊዝ ለራሷ ካስቀረቻቸው ሁለት ሰፈሮች አንዱ ነው። ማድሪኩ መኪናውን ዳር አስቆመና ትረካ ጀመረ። ከነሐሴ 1946 እስከ የካቲት 1949 እንግሊዞች ወደ ኤሬጽ እስራኤል በመርከብ ሊገቡ የነበሩ አይሁዶችን እየያዙ እዚህ ደሴት ላይ በሽቦ አጥር ውስጥ አስቀመጧቸው። ከ50,000 ሰው በላይ። አብዛኞቹ ከሾአ የተረፉ ናቸው። አንዱ የካምፕ ሰፈር ፋማጉስታ አጠገብ ነበር፣ ሌላው እዚህ ዴኬሊያ አካባቢ። ከፊሉ በድንኳን፣ ከፊሉ በቆርቆሮ ጎጆ። ውሃ አይበቃም። እና በዚያ ሁሉ መሀል 2,200 ገደማ ሕፃናት ተወለዱ።

መውጫው በተራ ነበር። በወር 750 ሰው ብቻ። በ1947 ጎልዳ ሜየር ራሷ መጥታ፣ ብዙ የጠበቁት ሕፃን ላላቸው ቤተሰቦች ተራ እንዲለቁ ለምናቸዋለች። መንግሥት ከታወጀ በኋላ እንኳ፣ ለጦርነት የደረሱ ወንዶች እስከ 1949 መጀመሪያ ድረስ አልተለቀቁም።

እኔ ይሄን ሁሉ ለእማዬ በሹክሹክታ እየተረጎምኩ ነው። «ተራ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄን ያዘችኝ።

ያኔ ሽማግሌው ተናገሩ። የተወለዱት እዚሁ ደሴት ላይ በ1948 መጀመሪያ ነው። እናታቸው እሳቸውን ታቅፈው በዚያው በጋ ወጡ፣ አባታቸው ከአጥሩ ውስጥ ቀሩ። ኋላ በሰላም ተገናኙ፣ አብረውም አረጁ። «ግን እናቴ እስክትሞት ድረስ አንድ ነገር ትል ነበር» አሉ። «‹እኔ ቀድሜ ወጣሁ› ትል ነበር። ማንም ሳይወቅሳት።»

ተረጎምኩላት። እማዬ በመስኮት እያየች «እኔም ቀድሜ ነው የወጣሁ» አለች።

ታሪኩን በከፊል ነበር የማውቀው። በ1984 ከጎንደር በእግር ወጥተው ሱዳን ኡም ራኩባ እንደገቡ፣ ትንሹ ወንድሟ እዚያ እንደሞተ አውቃለሁ። የማላውቀው ይሄን ነው፦ በሙሴ ዘመቻ ጊዜ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ሌሊት ስም ተጠራ። እማዬ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እሷና አጎቷ ተጠሩ። ወንድሟ ትኩሳት ይዞት መንቀሳቀስ አይችልም፤ አያቴ «እኔ እሱን ይዤ በሚቀጥለው እመጣለሁ፣ አንቺ ውጪ» አለቻት። ወጣች። በካርቱም በኩል አውሮፕላን ገባች። ጥር 5 ቀን 1985 ወሬው ስለወጣ ዘመቻው ቆመ። የሚቀጥለው የሚባል ነገር አልነበረም። አያቴ የመጣችው በመጋቢት፣ አሜሪካኖች 500 ገደማ የቀሩትን ሰዎች ባወጡበት ጊዜ ነው። ብቻዋን ነው የመጣችው።

ይሄን ሁሉ ለአሥራ ሁለት ሰው ነገረችው፤ ማለት እሷ በአማርኛ፣ እኔ በዕብራይስጥ። መሀል ላይ አቃተኝ። «ተርጉሚ እንጂ» አለችኝ።

ሽማግሌው ምንም አላሉም። ሲወርዱ ክንዳቸውን ሰጧት፣ ያዘቻቸው፣ እስከ ባሕሩ ድረስ ቀስ እያሉ ሄዱ። በምን ቋንቋ እንዳወሩ አላውቅም፤ እኔ ከኋላ ቀረሁ።

አሁን ያልኳችሁን የሚጠቅም ነገር ልንገራችሁ። ትንሽ ቡድን ሲሏችሁ «ትንሽ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አንዱ ጋ አሥር ነው፣ ሌላው ጋ ሃያ አምስት። ቢያንስ ስንት ሰው ካልሞላ ጉዞው ይሰረዛል? ገንዘቡስ ይመለሳል? በጽሑፍ ይኑራችሁ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ለብቻ ክፍል ተጨማሪ ይከፈላል፤ አስቀድማችሁ እወቁት። በቀን ስንት ሰዓት በእግር ነው? ይሄን ለወላጅ ስትሉ አጥብቃችሁ ጠይቁ፣ የትሮዶስ ተራራ መንደሮች ዳገት ናቸው። ነፃ ሰዓት አለ ወይ? የእኔና የእማዬ ጥሩ ሰዓት የላርናካ ጨው ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን ፍላሚንጎ ያየንበት ነው፤ ወፎቹ በክረምት ነው የሚመጡት። የኤሌክትሪክ ሶኬቱ የእንግሊዝ ዓይነት ባለ ሦስት እግር ስለሆነ ማስተካከያ ያዙ። መኪና በግራ ነው የሚነዳው፣ መንገድ ስትሻገሩ አደራ።

ኒኮሲያን ደግሞ አትለፏት። ከ1974 ጀምሮ ለሁለት የተከፈለች ዋና ከተማ ናት። ሌድራ የሚባለው የገበያ መንገድ መሀል ላይ ፓስፖርት ታሳያላችሁ፤ ያ መሻገሪያ በ2008 ነው የተከፈተው። እማዬ «ገበያ መሀል ኬላ!» ብላ ቆመች። መሻገር ትችል ነበር፣ አልፈለገችም። «ኬላ ይበቃኛል፣ ቡና ጠጪና ነይ» አለችኝ። እኔም ሳልሻገር አብሬያት ቡናውን ጠጣሁ።

ያዋጣል ወይ ላላችሁኝ፦ ብቻዬን ወይ ከጓደኞቼ ጋር ብሄድ ርካሽ ይሆንልኝ ነበር፣ ባሕሩንም የበለጠ እዋኝ ነበር። ግን የወንድሟን ስም አላውቅም ነበር። እስከዚያ ቀን «ወንድሜ» ብቻ ነበር የምትለው። ስሙን እዚህ አልናገርም፣ የእሷ ነው። ዘንድሮ በሃር ሄርትስል፣ በሱዳን መንገድ ላይ ለቀሩት መታሰቢያ ቀን፣ አብሬያት እሄዳለሁ። ሌላ ጊዜ ሥራ አለብኝ እያልኩ እቀር ነበር።

ያቺ የተጣመመች ገል ደርቃ በፖስታ መጣችልን፤ ኩሽና መስኮቱ ላይ ናት፣ እማዬ ነጭ ሽንኩርት ታስቀምጥባታለች። ትናንት «የቀረው ቋንጣ የት ገባ?» አልኳት። «ለሚቀጥለው ጉዞ» አለችኝ።

በሉ እንግዲህ፣ ደህና ሁኑ። ወላጆቻችሁን ሰላም በሉልኝ።