ካልተሳካ የሥራ ቃለ መጠይቅ በኋላ፦ ግብረ መልስ

የዛሬው ርዕሳችን ግብረ መልስ ነው። ለሥራ ተወዳድረን፣ ቃለ መጠይቅ ገብተን ሳንመረጥ ስንቀር፣ «ምን ጎደለኝ?» ብለን የምንጠይቀው ማለት ነው።

እስቲ አንድ ገበሬ እናስብ። ከመሸንቲ ጤፍ ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ ወጣ። ነጋዴዋ በመዳፏ ዘገን አድርጋ አየችና መለሰችለት። ዝም ብሎ ከሄደ፣ ለሚቀጥለው ገበያ ያንኑ ጤፍ ይዞ ይመጣል። «እመቤቴ፣ ምን አየሽበት?» ቢልስ? አሸዋ አለው ካለችው ያስነፋዋል። የምፈልገው ሰርገኛ ነው ካለችው ደግሞ፣ ጥፋቱ የጤፉ እንዳልሆነ ይረዳል።

ግብረ መልስም እንዲሁ ነው። ብዙዎቻችን ግን «በዘመድ ነው» ብለን እንተወዋለን። አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል። ሳይጠይቁ መደምደም ግን ራስን መጉዳት ነው።

ታዲያ እንዴት እንጠይቅ? ንዴቱ በረድ ሲል፣ በትሕትና። «ስለ ሰጣችሁኝ ዕድል አመሰግናለሁ። ለወደፊቱ ምን ላሻሽል?» በሉ። «ለምን ጣላችሁኝ?» ከተባለ ሰው ራሱን ወደ መከላከል ይሄዳል።

መሥሪያ ቤቱ የመንግሥት ከሆነ ደግሞ፣ አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። የሌላውን ተወዳዳሪ ሳይሆን የራሳችሁን ውጤት ጠይቁ። የጽሑፉ ፈተና ነው ወይስ ቃለ መጠይቁ ዝቅ ያደረጋችሁ? መልሱን ጻፉት።

በቅርቡ ተወዳድራችሁ ያልተሳካላችሁ አድማጮቻችን፣ እባካችሁ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ግብረ መልስ ጠይቁ።