የቪዲዮ ፋይልን ኮዴክ ለይቶ ስለማወቅ



በአዲስ አበባ ልደታ ሲባል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቀጥሎ ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ፍርድ ቤቱ ነው። በሲዲ ወይም በፍላሽ የሚቀርብ የቪዲዮ ማስረጃ ዛሬ ለችሎት እንግዳ አይደለም። እንዲህ ያለው ፋይል በዳኞች ፊት ሲከፈት ድምፁ ተሰምቶ ምስሉ ጥቁር ሆኖ ቢቀር፣ የሚጎዳው የተከራካሪው መብት ነው።

የዚህ ችግር ምንጭ ምንድን ነው? 1920 በ1080 ነጥብ ያለውና በሴኮንድ 25 ፍሬም የሚያሳይ ምስል ሳይታመቅ ቢቀመጥ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 3 ባይት ሲታሰብ፣ በአንድ ሴኮንድ 155 ሚሊዮን ባይት ያህል ቦታ ይፈጃል። ስለዚህም ምስሉ ታምቆ ይቀመጣል፤ የሚያምቀውና መልሶ የሚፈታው ዘዴ ኮዴክ ይባላል። ፈቺው በኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ፣ ፋይሉ ደኅና ሆኖ ሳለ የተበላሸ ይመስላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት የፋይሉን ስም ቅጥያ እንደ ኮዴክ በመቁጠር ነው። ኤምፒ4 እና ኤቪአይ መያዣዎች ናቸው፤ አገልግል ከውጭ ሲታይ በውስጡ ያለውን ወጥ እንደማይናገር ሁሉ፣ እነርሱም ኮዴኩን አይናገሩም። በአንድ ኤምፒ4 ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው ኤች 264 ወይም በ2013 የጸደቀው ኤች 265 ሊገኝ ይችላል። የመጀመሪያውን የሚያጫውት ኮምፒውተር ሁለተኛውን ላይፈታ ይችላል። ቅጥያውን መለወጥም በውስጡ ያለውን አይለውጥም።

ትክክለኛው መንገድ ፋይሉን ራሱን መመርመር ነው። ሚዲያኢንፎ፣ ወይም ከኤፍኤፍኤምፔግ ጋር የሚገኘው ኤፍኤፍፕሮብ፣ በፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን መግለጫ አንብቦ መያዣውን፣ የምስሉን ኮዴክና የድምፁን ኮዴክ ለየብቻ ይዘረዝራል። በኤምፒ4 ውስጥ «ኤቪሲ1» የሚለው ባለ አራት ምልክት መለያ ኤች 264ን፣ «ኤችቪሲ1» ደግሞ ኤች 265ን ያመለክታል። ቪኤልሲ የተባለው ማጫወቻ ሁለቱንም ይፈታል። አንዳንድ የጥበቃ ካሜራ መቅጃዎች ግን የራሳቸውን መያዣ ስለሚጠቀሙ፣ የአምራቹን ማጫወቻ ከቅጂው ጋር መቀበል ያስፈልጋል። ምንጩ ያልታወቀ የኮዴክ ጥቅል ከኢንተርኔት አውርዶ መጫን ግን ኮምፒውተሩንም ማስረጃውንም ለአደጋ ያጋልጣል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ኮዴኩን ሳይለዩ ፋይሉን ወደ ሌላ ኮዴክ መቀየር ነው። ዳግመኛ የታመቀ ምስል ዝርዝሩን ያጣል፤ የሚጠፋውም የመኪና ሰሌዳ ቁጥር ወይም የሰው ፊት ሊሆን ይችላል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በሚመለከታቸው ጉዳዮች የኤሌክትሮኒክ ማስረጃን እውነተኛነት የማስረዳት ሸክም የጣለው በአቅራቢው ላይ ነው። ስለዚህ ባለሙያው አስቀድሞ የዋናውን ፋይል አሻራ በሻ-256 መዝግቦ፣ ሥራውን በቅጂ ላይ ያከናውን። መለወጥ ግድ ቢሆን፣ የታመቀውን ምስል ሳይነካ መያዣውን ብቻ መቀየር ይቻል እንደሆነ ይሞክር፤ ያደረገውንም በጽሑፍ ያስፍር።

ይህ ሁሉ ምርመራ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ባለሙያው ይህን ሳያደርግ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ የሚሰጠው ቃል ግን፣ እውነት የያዘን ማስረጃ ከመዝገብ ሊያስወጣ ይችላል።