ሰሚው ምን ሰማ?
በአሰንዳቦ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር



የተግባቦት ትምህርት ተናጋሪን፣ መልእክትን፣ መንገድንና ሰሚን ይቈጥራል። ይህን ቅርጽ በ1948 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ክላውድ ሻነን በአሜሪካ የቤል የስልክ ቤተ ሙከራ ባለሙያ ነበር፤ የደከመውም ምልክቱ ሳይበላሽ እንዲደርስ እንጂ ስለ ትርጕሙ አልነበረም። እኛም በድምፅ ማጉያ ከተናገርን ሥራው ያለቀ ይመስለናል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ እናስብ። የኢሳይያስ መጽሐፍ በእጁ ነበረ፤ ሲያነብም ይሰማ ነበር። የጐደለው ትርጓሜው ነው። ፊልጶስ ስብከቱን ከመጀመሩ በፊት የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ጠየቀው፤ በሰረገላው አብሮት ተቀመጠ፤ ጃንደረባው ካነበበውም ቦታ ጀመረ።

በአካባቢያችን ብዙው ገበሬ በቤቱ የሚነጋገረው በአፋን ኦሮሞ ነው። ማስታወቂያችን ግን በአማርኛ ነው፤ ያውም ግእዝ የበዛበት። እሸት ቡና በአልጋ እንጂ በመሬት ላይ አይሰጣ ስንል አረጋውያኑ «ኤዬ» ይላሉ። ይህ «ኤዬ» ብዙ ጊዜ አክብሮት ነው፤ እንደ መረዳት ቈጥሮ በሪፖርት መጻፍ አይገባም። (አልጋ ሲባል መኝታውን የሚያስብም አይጠፋም።) በመሬት የተሰጣ ቡና የአፈር ሽታ እንደሚይዝና እንደሚሻግት ያልተነገረው ሰው አልጋ ለመሥራት ለምን ይደክማል?

ስለዚህ ከዐውደ ምሕረት ማስታወቂያ በኋላ ሁለት ሦስት ምእመናን የሰሙትን በየቋንቋቸው መልሰው እንዲነግሩን እንለምን። ጸሐፊው የሚሉትን ሳያቋርጥ ይመዝግብ፤ እርማቱ በኋላ ይደርሳል።