የበረዶ ሸርተቴ አደጋና የወላጅ ፊርማ



በዴንቨርና በኦሮራ የሚያድጉ ልጆቻችን በረዶ በጣለ ቁጥር ተራራ ወጥተው በበረዶ ላይ መንሸራተት ያምራቸዋል። ወላጅ ትኬቱን ሲገዛ የበረዶ ሸርተቴ (ስኪ) ቦታውን የሚያስተዳድረውን ድርጅት ከተጠያቂነት ነጻ የሚያደርግ ረጅም ውል ስልኩ ላይ ይመጣለታል፤ አብዛኛው ሰው ሳያነበው ይፈርማል። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ፊርማ ነው።

በ1979 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በኋላ የተሻሻለው የኮሎራዶ የስኪ ደኅንነት ሕግ፣ ከስፖርቱ የማይነጠሉ አደጋዎችን ተንሸራታቹ ራሱ እንዲሸከም ያደርጋል፤ ዛፉ፣ ቋጥኙ፣ የአየሩ ጠባይ። በ2016 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የበረዶ ናዳንም እዚሁ መደበው። በዊንተር ፓርክ የስኪ ቦታ ናዳ የገደለው ሰው ቤተሰብ በክሱ ተረታ። ይህን ፍርድ መቀበል ይከብደኛል፤ ቁልቁለቱ ናዳ እንደሚያሰጋው ከእንግዳው ይልቅ ድርጅቱ ያውቃልና።

በ2002 ይኸው ፍርድ ቤት ወላጅ የልጁን የመክሰስ መብት አስቀድሞ ፈርሞ ሊሰጥ አይችልም ብሎ ነበር። በዓመቱ ግን የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በአዲስ ሕግ ሻረው። ስለዚህ ዛሬ የእናት ወይም የአባት ፊርማ ልጁንም ያስራል፤ ከባድ ቸልተኝነትን ግን አይሸፍንም።

ሌላም የማይሸፍነው አለ። በማርች 2022 በክሬስትድ ቢዩት የስኪ ቦታ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ሰውን ወደ ተራራው በሚያወጣው ማንሻ ወንበር ላይ በወጉ ሳትቀመጥ ወንበሩ ተነሣ። በክሱ እንደተገለጸው፣ አባቷ ከጎኗ ሆኖ ይዟት «አቁሙ!» እያለ ጮኸ፤ ሌሎችም ጮኹ። ማሽኑ አልቆመም። ልጅቷ ከእጁ አምልጣ ወደቀች፤ አካሏም ሽባ ሆነ። ድርጅቱ አባትየው የፈረመውን ውል ይዞ ተከራከረ። በሜይ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ሕግና ደንብ የጣለበትን ግዴታ ድርጅቱ በግል ውል ሊያራግፈው እንደማይችል ወሰነ።

ውሳኔው ትክክል ነው። ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ፍጥነቱን ራሱ ይመርጣል። ወንበሩ ላይ የተሰቀለ ሰው ግን የሚመርጠው ነገር የለም፤ ማቆሚያው ያለው በሠራተኛው እጅ ነው።

ልጃችሁ በማንሻ ላይ ከተጎዳ «ፈርመናል፣ አለቀ» ብላችሁ እንዳትቀመጡ አደራ እላለሁ። የአደጋውን ሪፖርት ጠይቁ፣ የምስክሮችን ስምና ስልክ ያዙ፣ ጠበቃ አማክሩ። በኮሎራዶ ሕግ እንዲህ ያለ ክስ የሚቀርበው አደጋው ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው።